60 ተማሪ ፓራግራፍ ጽፎ ሲያስረክባችሁ እንዴት ታርማላችሁ? ደረጃ በደረጃ

ሃይስኩል እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «60 ተማሪ ነው ያለኝ፣ ፓራግራፍ ላጽፋቸው እፈልጋለሁ፣ ግን ማን አርሞ ይጨርሰዋል?» ይሉኛል። ወዲያው ደሞ ሁለተኛው ይከተላል፣ «አርሜ ብመልስላቸውም ማርኩን አይተው ቦርሳ ውስጥ ነው የሚከቱት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ስህተት ይዘው ይመጣሉ»። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስህተት በሙሉ እያከበባችሁ፣ ትክክለኛውን ከላዩ እየጻፋችሁ የምታርሙ ከሆነ አንዱ ወረቀት 8 ደቂቃ በቀላሉ ይበላል። 60 ወረቀት ሲሆን 480 ደቂቃ ነው፣ 8 ሰዓት ሙሉ፣ ያውም ለአንድ ሴክሽን። ከዚህ በታች በማሳያችሁ አሠራር፣ ሁለት ዓይነት ስህተት ብቻ መርጦ ምልክት በማድረግ፣ ግን አንዱን ወረቀት በ2 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳላችሁ፣ የሴክሽኑ የመጀመሪያ እርማት በ2 ሰዓት ያልቃል። ከጊዜው በላይ ደግሞ እኔ የምወድለት ስህተቱን የሚያስተካክለው ተማሪው ራሱ መሆኑን ነው፤ እናንተ ያስተካከላችሁለትን አረፍተ ነገር አይቶት ያልፋል፣ ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ግን አይረሳውም።

የሚፈጀው ሁለት ፔሬድ ነው፣ አንዱ መጻፊያ፣ አንዱ መልሶ ማስተካከያ። ሁለቱ መሃል ከሦስት አራት ቀን በላይ አታስገቡ፣ ተማሪው ምን ሊል ፈልጎ እንደነበር ራሱ ይረሳዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነጠላ ወረቀት (ደብተር አትሰብስቡ፣ 60 ደብተር ተሸክሞ መሄድም መመለስም መከራ ነው፣ ደሞ ደብተሩ እናንተ ጋር እያለ ልጁ የሚጽፍበት የለውም)
- እርሳስ ወይ ተማሪዎቹ ከጻፉበት ከለር የሚለይ እስክሪብቶ፣ ቀይ መሆን የለበትም
- ለናንተ አንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር፣ ክፍል ውስጥ የምታዩዋቸውን ስህተቶች የምትለቅሙበት
- ሰሌዳና ጠመኔ ወይ ማርከር
- ሰዓት
- የማረሚያ ምልክቶቹ ዝርዝር (ደረጃ 6 ላይ አለ) በትልቁ ተጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ካርቶን ወይ ወረቀት

1. ከመጻፋቸው በፊት ምን እንደምታርሙ ንገሯቸው

ሁለት ነገር ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ «ዛሬ የማየው ያለፈ ጊዜ ግስና ትልልቅ ፊደላትን ነው» በሉና ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉት፣ እስከመጨረሻው አይጥፋ። አንድ ጀማሪ ጸሐፊ ሃሳቡንም ቃሉንም ግሱንም ነጥቡንም በአንዴ መጠበቅ አይችልም፣ ሁሉንም ጠብቅ ስትሉት አንዱንም አይጠብቅም። ሁለት ነገር ስትሉት ግን ቢያንስ እነዛን ሁለቱን ዞሮ ያያል። የምትመርጡት ሰሞኑን ያስተማራችሁትን ይሁን፣ ገና ያላስተማራችሁትን ነገር ማረም ትርጉም የለውም።

2. ርዕሱን አጥብቡት

«ማይ ፋሚሊ» ወይ «ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ኤጁኬሽን» ብላችሁ ከሰጣችሁ 60 አንድ ዓይነት ወረቀት ነው የሚመጣላችሁ፣ ምክንያቱም ልጆቹ እነዚህን ከታች ክፍል ጀምሮ በቃላቸው ይዘዋቸዋል። በቃል የተያዘ ነገር ላይ ስህተት አይታይም፣ ስህተት ካልታየ ደሞ የምታስተምሩት የላችሁም። እንዲህ አድርጉት፦ «ትናንት ወደ ቤት ስትሄዱ መንገድ ላይ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ»፣ «እጃችሁ ወይ እግራችሁ ላይ ያለ ጠባሳ እንዴት እንደመጣ ተርኩ»፣ «ሰው የሰጣችሁን የተሳሳተ ምክር ጻፉ»። ከ8 እስከ 10 አረፍተ ነገር ይበቃል። አንድ መስመር እየዘለሉ እንዲጽፉ ንገሯቸው፣ ባዶው መስመር ለሁለተኛው ፔሬድ ነው፣ እሱ ከሌለ ደረጃ 8 ላይ ማስተካከያውን የሚጽፉበት ያጣሉ።

3. ክፍል ውስጥ ይጻፉት

20 ደቂቃ ስጡ። ቤት ወስደው ከጻፉት ታላቅ እህት ወይ ስልኩ ነው የሚጽፍላቸው፣ እናንተም የእህትየውን እንግሊዝኛ ስታርሙ ታመሻላችሁ።

እየጻፉ ዙሩ፣ ግን አታርሙ። ትከሻቸው ላይ ቆማችሁ «ይሄ ስህተት ነው» ካላችሁ ልጁ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፣ አጠገቡ ያሉትም ወረቀታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ዝም ብላችሁ እያነበባችሁ የሚደጋገመውን ስህተት ማስታወሻችሁ ላይ ያዙ። ቃል የሚጠይቃችሁ ካለ ንገሩት፣ ስፔሊንግ የሚጠይቅ ካለ «እንደመሰለህ ጻፈው፣ ከስሩ አስምርበት» በሉት፣ ያሰመረበትን በኋላ ራሱ ያጣራዋል።

ሁለት መስመር ጽፎ «ጨረስኩ» የሚል ይኖራል። ተቆጥታችሁ «ጨምር» ከምትሉት የጻፈውን አንብባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ከዛስ? ማን ነበር አብሮህ?» በቃሉ ሲመልስላችሁ «እሱን ጻፈው» በሉት። ብዙ ጊዜ የጠፋው እንግሊዝኛው ሳይሆን ምን እንደሚጽፍ ነው።

4. የ5 ደቂቃ የራስ ንባብ

ጽፈው ሲጨርሱ ወዲያው አትሰብስቡ። እስክሪብቶ ይዘው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በሹክሹክታ ያንብቡት፣ እያንዳንዱን ቃል በጣት እየነኩ። በዓይን ብቻ ሲያነቡ አእምሯቸው የጎደለውን እየሞላ ያልፈዋል፣ አፍ ሲጨመርበት ግን የተዘለለ ቃል ይሰማል። ሰሌዳው ላይ የጻፋችኋቸውን ሁለት ነገሮች ብቻ እንዲፈልጉ አስታውሷቸው። እዚች ጋር የሚጠፋው ስህተት ቀላል አይደለም፣ ያ ሁሉ እናንተ ልታርሙት የነበረ ነው።

5. ከጎን ካለው ጋር መቀያየር

10 ደቂቃ። የጓደኛን ወረቀት ሲያዩ ሥራቸው ሁለት ብቻ ነው፦ የወደዱት አረፍተ ነገር ስር ማስመር፣ ያልገባቸው ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት ማድረግ። ከዛ በቃል ይነጋገሩ፣ በአማርኛም ይሁን፣ ስለ ሃሳቡ ነው የሚያወሩት።

ግራመር እንዲያርሙ አትፍቀዱ። ይሄን በጣም ነው የማጠብቀው። እርግጠኛ ያልሆነ ልጅ የጓደኛውን ትክክለኛ አረፍተ ነገር ሰርዞ ስህተት ይጽፍበታል፣ ጓደኛውም ያምነዋል፣ እናንተም ስታርሙ የማን ስህተት እንደሆነ አታውቁም። አንባቢነታቸው ላይ ግን ጎበዞች ናቸው፣ ያልገባቸውን ያልገባን ማለት ማንም ይችላል። አንደኛ የሚወጣውን ከመጨረሻው ጋር ሆን ብላችሁ አታጣምሩ፣ አንዱ አስተማሪ አንዱ ተማሪ ሆኖ ይቀራል፣ ደካማው ጭራሽ አይናገርም። ተቀራራቢ የሆኑት ሲገናኙ ነው ወሬው የሚደምቀው።

ከዚህ በኋላ ሰብስቡ።

6. አስተራረሙ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው ያለው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሀ) መጀመሪያ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ወረቀቱን ከላይ እስከታች አንዴ አንብቡ። እስክሪብቶ እጃችሁ ላይ ካለ ሁለተኛው ቃል ላይ ማክበብ ትጀምራላችሁ፣ ልጁ ምን ሊነግራችሁ እንደፈለገ ሳታውቁ ትጨርሱታላችሁ።

ለ) ከዛ የመረጣችኋቸውን ሁለት ነገሮች ብቻ ምልክት አድርጉ። ትክክለኛውን አትጻፉ። ስህተቱ ስር አስምሩና ዳር ላይ በአማርኛ ፊደል ምልክቱን አስቀምጡ። የአማርኛ ፊደል የመረጥኩት በምክንያት ነው፣ እንግሊዝኛ ጽሑፍ መሃል ሌላ የእንግሊዝኛ ፊደል ከገባ ከልጁ ጽሑፍ ጋር ይደባለቃል፣ «ጊ» ግን ከሩቅ ይታያል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

- ጊ፦ የግሱን ጊዜ እየው
- ት፦ ትልቁ ፊደል
- ነ፦ ነጥብ ወይ ኮማ
- ብ፦ አንድ ነው ብዙ?
- ፊ፦ ስፔሊንግ
- ቃ፦ ቃሉ ቦታው አይደለም
- የጣራ ቅርጽ ያለው ምልክት፦ እዚህ ቃል ጎድሏል
- ጥያቄ ምልክት፦ አልገባኝም፣ ሌላ አድርገህ በለው

በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትጠቀሙ፣ በየሳምንቱ የምታተኩሩባቸውን ሁለቱን ብቻ ነው። ጥያቄ ምልክት ብቻ ሁልጊዜ ይፈቀዳል፣ ያልገባችሁን አረፍተ ነገር ዝም ብላችሁ ማለፍ የለባችሁም።

ሐ) አንድ ወረቀት ላይ ከ6 ምልክት በላይ አታድርጉ። ሁለቱን ነገሮች ብቻ አይታችሁም 15 ስህተት ካገኛችሁ የመጀመሪያዎቹን 6 ምልክት አድርጋችሁ ከስር «ከዚህ በታች ተመሳሳይ አለ፣ ራስህ ፈልግ» በሉ። በምልክት የተሞላ ወረቀት የሚደርሰው ልጅ የቱን አስቀድሞ እንደሚሠራ ስለማያውቅ ምንም ሳይሠራ ያጥፈዋል።

መ) ትክክል የሠራውን አንድ ቦታ ራይት አድርጉለት፣ በተለይ ሌላ ቦታ የተሳሳተውን ነገር እዚህ በትክክል ጽፎት ከሆነ።

ሠ) ከስር ስለ ሃሳቡ አንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፣ ጥያቄ ቢሆን ይመረጣል። «ጉድ» ወይ «ኢምፕሩቭ» የሚሉት ለልጁ ምንም አይነግሩትም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ያለፈ ጊዜ ግስ ነው የመረጣችሁት እንበል፣ ልጁ እንዲህ ጽፏል፦

«የስተርዴይ አይ ጎ ቱ ማይ አንት ሃውስ፣ አይ ሲ ፋይቭ ዶግ፣ ዋን ዶግ ራን አፍተር ሚ፣ አይ ራን፣ አይ ፎል ዳውን።»

እዚህ ውስጥ ስንት ስህተት አለ? የጊዜው አለ፣ «አንት» ላይ የባለቤትነት ምልክቱ የለም፣ «ዶግ» ብዙ መሆን ነበረበት፣ ነጥብ በሚያስፈልግበት ሁሉ ኮማ ነው። እናንተ ግን «ጎ»፣ «ሲ» እና «ፎል» ስር ብቻ ታሰምሩና ዳር ላይ ሦስት ጊዜ «ጊ» ትጽፋላችሁ። ሁለቱ «ራን» ላይ ራይት ታደርጋላችሁ። ይቺ ራይት ትልቅ ሥራ ነው የምትሠራው፣ ልጁ ያለፈ ጊዜን እንደሚያውቅ ራሱ ወረቀቱ ላይ ያየዋል፣ «ጎ» ላይ የተሳሳተው ሳያውቅ ሳይሆን ስላልተመለከተ ሊሆን ይችላል። ከስር ደሞ «ከወደቅክ በኋላ ውሻው ምን አደረገ?» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ልጁ ይሄን ለመመለስ ሁለት ሦስት አረፍተ ነገር ይጨምራል፣ የሚጨምራቸው ደግሞ ሁሉም ባለፈ ጊዜ ግስ መሆን ያለባቸው ናቸው። «ዶግ» እና ኮማው ለሌላ ሳምንት ይቆዩ፣ አይጠፉም።

ረ) ማርክ አትጻፉ። በዚህኛው ዙር ቁጥር ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ። ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ልጆች ቀጣዩ ሥራቸው ሲሻሻል፣ አስተያየትም ማርክም አብሮ የተሰጣቸው ግን ማርክ ብቻ ከተሰጣቸው ብዙም አልተለዩም። ክፍል ውስጥም የምታዩት ይሄንኑ ነው፣ 7 ከ10 የሚል ካለ ዓይኑ እዛ ላይ ያርፍና የጎኑን ጓደኛ «ስንት አገኘህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዛ አበቃ።

7. ከመመለሳችሁ በፊት፣ የ10 ደቂቃ የሰሌዳ ሥራ

ሁለተኛው ፔሬድ ሲጀመር ወረቀቱን ገና አትስጡ። ከሰበሰባችሁት ውስጥ 6 አረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ 4ቱ ስህተት ያለባቸው፣ 2ቱ ትክክል። ትክክሎቹን የምታስገቡት ልጆቹ «ሰሌዳ ላይ ካለ ስህተት ነው» ብለው በጅምላ እንዳይገምቱ ነው፣ እያንዳንዱን መመርመር አለባቸው። የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ስሙንም ነገሩንም ቀይሩት፣ ውሻው ዶሮ ይሁን፣ አክስትየው ጎረቤት ትሁን፣ ስህተቱ ግን እንዳለ ይቆይ።

ሁለት ሁለት ሆነው የቱ ትክክል የቱ ስህተት እንደሆነ ይወስኑ፣ ከዛ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እናንተ አትንገሩ፣ ቢዘገይም ጠብቁ። የክፍሉ ግማሽ አንድ መልስ ላይ፣ ግማሹ ሌላ ላይ ሆኖ ሲከራከር ካያችሁ እዛ ጋር ቆም በሉ፣ ያ ነጥብ እንደገና መማር ያለበት ነው ማለት ነው።

8. ወረቀቱን መልሱና እዛው ያስተካክሉት

15 ደቂቃ፣ ክፍል ውስጥ፣ ለቤት ሥራ አይተላለፍ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ሥራውን በሙሉ ገደል ከተተው ማለት ነው። ተማሪው የተሰመረበትን አይቶ፣ ምልክቱን ግድግዳው ላይ ካለው ዝርዝር ጋር አገናዝቦ፣ በባዶው መስመር ላይ ትክክለኛውን ራሱ ይጻፍ። ከስር ለጠየቃችሁት ጥያቄም መልሱን ይጨምር። ሙሉውን እንደገና ገልብጦ እንዲጽፍ አታድርጉ፣ ሲገለብጥ እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም፣ እንዲያውም አዲስ ስህተት ይጨምራል።

ይሄኔ እናንተ ነጻ ናችሁ፣ ስለዚህ በጣም የተቸገሩት 5 ወይ 6 ልጆች ጋር ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። ሲታረም የጥያቄ ምልክት የበዛባቸውን ወረቀቶች ከላይ አድርጋችሁ ለይታችሁ ብትመጡ የቱ ጋ እንደምትሄዱ አይጠፋችሁም። ለአንዱ 2 ደቂቃ፣ «ምን ልትለኝ ፈልገህ ነው? በአማርኛ ንገረኝ» በሉትና አብራችሁ አንድ አረፍተ ነገር አውጡ። አንድ ብቻ። ቶሎ የጨረሱት ደግሞ «ከዚህ በታች ተመሳሳይ አለ» ያላችሁትን ይፈልጉ ወይ ሌላ አንቀጽ ይቀጥሉ።

9. ሁለተኛው እይታ እና ማርኩ

እንደገና ስትሰበስቡ ሙሉውን አታነቡም። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ቦታዎችና ለጥያቄያችሁ የተጻፈውን መልስ ብቻ ታያላችሁ፣ 30 ሰከንድ ነው። ማርኩ አሁን ይሰጥ። እኔ ከ10 የምሰጠው እንዲህ ነው፦ 4 ለሃሳቡ፣ 4 ለተመረጡት ሁለት ነገሮች፣ 2 ምልክት የተደረገበትን በሙሉ ሞክሮ ካስተካከለ። ያቺን 2 ማርክ አትናቋት፣ መጀመሪያ ብዙ የተሳሳተ ልጅም ሠርቶ ሊያገኛት ይችላል።

10. የስህተት ገጽ

እያንዳንዱ ተማሪ የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት ኮለም ያስምር፣ በግራ የጻፈውን፣ በቀኝ ያስተካከለውን። በየዙሩ ሁለት መስመር ይበቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ደረጃ 4 ላይ ሲደርሱ ይሄን ገጽ ገልጠው ነው የሚያነቡት፣ አንዱ ልጅ ሁልጊዜ የሚረሳው ሌላው ከሚረሳው ይለያልና።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚደጋግማቸው ስህተቶች፣ ከየት እንደሚመጡ

ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ ሰሌዳ ላይ በሁለት አረፍተ ነገር ታስረዱታላችሁ፣ ልጁም «ደደብ ስለሆንኩ ነው» ብሎ አያስብም።

ትልልቅ ፊደላትን መርሳት፦ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ እጁ አልለመደም። የሰው ስምና የአረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ብቻ እያተኮራችሁ ጀምሩ።

«ፋይቭ ዶግ»፦ አማርኛ ላይ «አምስት ውሻ አየሁ» ብንል ማንም አያርመንም፣ ቁጥሩ ስላለ ስሙ ላይ መጨመር ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛው ላይ ግን ግዴታ ነው።

የኮማ ሰንሰለት፦ «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ በልቼ፣ ወጣሁ» አንድ የተሟላ የአማርኛ አረፍተ ነገር ነው፣ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ያለው ብቻ ነው። ልጁ ይሄን ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ አረፍተ ነገር ይሆንበታል፣ በኮማ ብቻ ይያያዛል። መፍትሄው እያንዳንዱን «አይ» አክብቦ ከፊቱ ነጥብ ወይ «ኤንድ» ወይ «ዜን» መኖሩን ማየት ነው።

«ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ «በት»፦ «ቢደክመኝም ግን ሄድኩ» እንላለን፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እንግሊዝኛው አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

«ዊ ዲስከስድ አባውት» እና «ሂ ሜሪድ ዊዝ ኸር»፦ «ስለ» እና «ጋር» ናቸው የገቡት። እነዚህን በህግ ለማስረዳት አትድከሙ፣ ሙሉ አረፍተ ነገር ሆነው የስህተት ገጹ ላይ ይግቡ።

«ማይ ግራንድፋዘር ካም ኤንድ ዘይ ጌቭ ሚ»፦ አያቴ «መጡ» ነው የሚባለው፣ የአክብሮቱ ግስ ከብዙ ቁጥር ጋር አንድ ስለሆነ ልጁ «ዘይ» ይላል። አያቱን እንዳልናቀ ንገሩት፣ እንግሊዝኛው በግሱ አያከብርም።

አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ተማሪ ካላችሁ እነዚህ ላይሠሩለት ይችላሉ፣ «በናንተ ቋንቋ ይሄን እንዴት ትሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ መልሱ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያሳያችኋል።

ማስጠንቀቂያ

ወረቀት ላይ ከባድ ነገር ሊመጣ ይችላል። ጠባሳውን ተርክ ሲባል ቤት ውስጥ እንደሚመታ የሚጽፍ ልጅ ይኖራል፣ መኖር እንደሰለቸው የሚጽፍም ይኖራል። እንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ላይ ግራመር አታርሙ። ሰሌዳ ላይም አታውጡት፣ ለሌላ መምህር እንደ ወሬ አታንሱት። በዛው ቀን ልጁን ብቻውን፣ ግን ሰው በሚያያችሁ ቦታ አነጋግሩት፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ ከዛ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለዚህ ኃላፊነት ላለበት ሰው ወዲያው አሳውቁ። ልጁ አደጋ ላይ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስከ ነገ አታቆዩት። በነገራችን ላይ ርዕስ ስትሰጡ ሁልጊዜ ሁለት አማራጭ ስጡ፣ መናገር የማይፈልገውን ለመጻፍ ማንም መገደድ የለበትም።

ሁለተኛው ከስልክ ወይ ከኤአይ ተገልብጦ የመጣ የሚመስል ወረቀት ነው። ክፍል ፊት አትወንጅሉ። ኤአይ ጽፎታል ብለው የሚለዩ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ይሳሳታሉ፣ ሰው የጻፈውንም ኤአይ ይሉታል፣ ስለዚህ በነሱ ብቻ አትፍረዱ። ልጁን ጠርታችሁ ከወረቀቱ ሦስት ቃል ምረጡና በራሱ አባባል ያስረዳ፣ ከዛ እዛው ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ሁለት አረፍተ ነገር ይጻፍ። የሱ ከሆነ ይቀጥለዋል። ካልሆነም ማርክ ከመቁረጥ በሌላ ርዕስ ክፍል ውስጥ እንደገና ማስጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የተማሪን ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ሶሻል ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፣ ስሙን ብትሸፍኑትም። የእጅ ጽሑፉን ጓደኞቹ ያውቁታል።

መምህራን ላይ የማያቸው የተለመዱ ስህተቶች

- በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር መርጦ፣ በሁለተኛው ሳምንት «ይሄን ማለፍ ህሊናዬ አልፈቀደም» ብሎ ወደ ሙሉ እርማት መመለስ። ያለፋችሁት ስህተት ተራው ይደርሳል፣ ማስታወሻችሁ ላይ ያዙት።
- ያተኮሩበትን ነገር በየሳምንቱ መቀያየር። አንዱን ነገር ቢያንስ ሦስት ዙር አቆዩት፣ በአንድ ዙር የሚጸና ነገር የለም።
- ወላጅ ወይ ዩኒት ሊደር «ስህተቱ ሳይታረም ታልፏል» እንዳይል ፈርቶ ሁሉንም ማክበብ። ወረቀቱ አናት ላይ «የዛሬ ትኩረት፦ ያለፈ ጊዜ እና ትልልቅ ፊደላት» ብለው ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጽፉ አድርጉ፣ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እዛው ላይ አለ።
- ደረጃ 8ን ለማሳጠር ትክክለኛውን መልስ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ማለት።
- አራት አምስት ሴክሽን ይዞ የሁሉንም ወረቀት በአንድ ሳምንት ሰብስቦ ማረም። በየሳምንቱ የአንድ ሴክሽን ብቻ ሰብስቡ፣ ሌሎቹ በዛ ሳምንት እስከ ደረጃ 5 ይሥሩና ወረቀቱን ራሳቸው ጋር ያስቀምጡ። አንድ ሴክሽን ብቻ ኖሯችሁ 2 ሰዓቱም ከበዛባችሁ 60ውን በአራት ቡድን ክፈሉ፣ በየዙሩ 15 ወረቀት ብቻ ሰብስባችሁ በደንብ እዩ፣ በአራት ዙር ሁሉም ይዳረሳል፤ የቱ ቡድን እንደሚሰበሰብ ግን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው መናገር ያለባችሁ።